«ዶግድ» ስለሚባለው ቃል

«ዶግድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል መዝገበ ቃላት «ጽኑ፣ የማይታክት» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን በቃሉ ሆድ ውስጥ ውሻ ተኝቷል። እንግሊዞች በጥንት ዘመን ሰውን በዚህ ቃል ሲጠሩት ክፉ የውሻ ጠባይ አለው ማለታቸው ነበር፤ ወደ ምስጋና የዞረው ቀስ በቀስ ነው። በኛ አገር ሰውን በውሻ መስሎ ያመሰገነ እስካሁን አልሰማሁም፤ መሞከር የሚሻ በራሱ ኃላፊነት ይሞክር።

እኛ የምንወደውን «ጽኑ»፣ የማንወደውን ደግሞ «ግትር» ወይም «ችኮ» እንላለን። ፍርዱ አስቀድሞ በቃሉ ውስጥ አለ። ዶግድ ግን ይሳካለት አይሳካለት ሳይታወቅ ሰውዬው የያዘውን እንዳለቀቀ ብቻ ይናገራል። ይህን ቃል የሚሸከም ሰው ስፈልግ ከነቀምቴ አልራቅሁም።

የወለጋ ሰው አባ ገመቺስ የሚላቸው ኦኔስሞስ ነሲብ በሕፃንነታቸው ተሰርቀው በባርነት ተሸጡ፤ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጡ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ስዊድን ተምረው በ1881 ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ተነሡ። በሱዳን በኩል ቢሞክሩ መንገዱ ተዘጋ። በኋላም በታጁራ ዞረው እንጦጦ ደረሱ፤ ንጉሥ ምኒልክ ማለፊያ ስለከለከሏቸው በ1886 ወደ ምጽዋ ተመለሱ። ያን ጊዜ መንገድ ላይ ያገኛቸው ሰው ምን ይላቸው ነበር? ችኮ፣ ሌላ ምን ይላል!

አገሩ ቢከለከል ቋንቋው አልተከለከለምና በእምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መመለስ ያዙ። ዳሩ ግን በሕፃንነታቸው የተለዩት ቋንቋ ጎደለባቸው። ያን ጉድለት የሞሉት አስቴር ጋኖ ናቸው። እሳቸውም በ1886 ከባርነት የወጡ ወጣት ነበሩ። ወደ 15,000 የሚጠጋ ቃል ሰበሰቡ፤ ተረቱንና ምሳሌውን ከትዝታቸው ጻፉ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። ሲወራ የአባ ገመቺስ ስም ይቀድማል፤ በእኔ አስተያየት ግን ቃሉ ይበልጥ የሚገባው ለአስቴር ነው። ቃል አንድ በአንድ ለሚለቅም ሰው ማን ያጨበጭባል?

ነቀምቴ የገቡት በ1904፣ ከመጀመሪያው ጉዞ 23 ዓመት በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ብዙ ሳይቆይ አባ ገመቺስ ከስብከት ታገዱ፤ ፈቃዱ የመጣው በ1916 በልጅ ኢያሱ ነው። በ1931 እዚያው ነቀምቴ ዐረፉ፤ አስቴር በ1964።

ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ያደገ የዕድሜዬ ተማሪ የ1899ኙን መጽሐፍ ሲያገኝ ቋንቋው የራሱ ሆኖ ሳለ የሚያነብለት ይፈልጋል። «ዶግድ»ን እኔ «የማይለቅ» ብዬዋለሁ፤ የተሻለ ያለው አንባቢ ይጻፍልን።