በአንድ ቀንበር የተጠመደ መጠባበቂያ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022 የካናዳው ሮጀርስ ኔትወርክ ተቋረጠ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ስልክም ኢንተርኔትም አጡ፤ የአደጋ ጊዜ ጥሪው 911 ሳይቀር ለብዙዎች አልሠራም።

ኩባንያው መጠባበቂያ መሣሪያ ነበረው። ነገር ግን በማሻሻያ ሥራ ላይ አንድ ማጣሪያ ሲነሳ፣ ዋናዎቹ ራውተሮች ከአቅማቸው በላይ በሆነ መረጃ ተጥለቅልቀው ወደቁ። ሞባይሉም የቤት ኢንተርኔቱም በአንድ ማዕከል ላይ ስለነበሩ አብረው ጠፉ። ጥገናውን የያዙት ባለሙያዎች እንኳ የሚገናኙት በዚያው ኔትወርክ ነበር።

ሁለት ሰርቨር ወይም ሁለት ራውተር መግዛት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሁለቱ በአንድ ስህተት እንዳይወድቁ አድርጎ ማዋቀር ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች ገደል የሚገቡትም አብረው ነው።

«መጠባበቂያ አለን» ለሚል ኃላፊ ጥያቄው አንድ ነው፦ ዋናው ሆን ተብሎ ጠፍቶ መጠባበቂያው የተሞከረው መቼ ነው?