አለንጋና ለምለም ሣር

ሰው በእጁ ከሚይዛቸው ዕቃዎች መካከል የባለቤቱን ጠባይ ፈጥኖ የሚገልጥ እንደ አለንጋ ያለ የለም። ሰይፍ በአፎቱ፥ ጠመንጃም በመስቀያው ሊቈይ ይችላል፤ አለንጋ ግን ዘወትር በእጅ ያለ መሣሪያ ስለ ሆነ፥ ያዢው ታጋሽ ወይም ቍጡ መሆኑ ሳይውል ሳያድር ይታወቅበታል። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን ወደ ጋሞ አገር ያደረግነው ጉዞ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ለመናገር ያህል፥ ከአባታችን የወረስነው አንድ የጉማሬ አለንጋ አለን። ብዙ ዘመን በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ነው። ለጉዞው ከመነሣታችን ከጥቂት ቀን በፊት፥ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃችን የትምህርት መጻሕፍቱን በመንገድ ጥሎ ቢመጣ፥ ተቈጥተን ይህንኑ አለንጋ ከግድግዳው አውርደን ሁለት ጊዜ መታነው። ልጁ አላለቀሰም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ወደ ቤት ስንገባ እርሱ ወደ ጓዳ የሚገባ ሆነ። ባለቤታችን ነገሩን አይታ ዝም አለች፤ እኛም ዝም አልን። በጋሞ ደጋ በፈረስ ለመሄድ አስበን ስለ ነበረ፥ አለንጋውን ከጓዛችን ጋራ ይዘን ሄድን።

ከአዲስ አበባ ተነሥተን፥ በወላይታ ሶዶ በኩል አልፈን አርባ ምንጭ ደረስን። ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ግርጌ በዱሩ ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ከላይ ቆሞ ቍልቍል ለሚመለከት ሰው፥ በስተሰሜን የዓባያ ሐይቅ እንደ ሸክላ ቀልቶ፥ በስተደቡብ የጫሞ ሐይቅ ጠርቶ ይታየዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ከፍተኛ ምድር ሕዝቡ «የእግዜር ድልድይ» ይለዋል። በጫሞ ዳር አዞው በፀሐይ ተጋድሞ፥ ጉማሬውም ዓይኑንና ጆሮውን ብቻ ከውሃው አውጥቶ ተመለከትን። ጉማሬ ቀኑን በውሃ ውሎ ሌሊት ሣር ሊግጥ ወደ የብስ የሚወጣ አውሬ ነው። ከሁለቱ ሐይቆች ደሴተኞች መካከልም ቀድሞ በጉማሬ አደን የታወቁ ሕዝቦች ነበሩ። የአባታችን አለንጋ ከየትኛው ውሃ በወጣ አውሬ ቆዳ እንደ ተሠራ ባናውቅም፥ ይህን ግዙፍ ፍጥረት በሕይወቱ ስናየው፥ በእጃችን ያለው ቀጭን ነገር ከእርሱ የተገኘ መሆኑ አስደነቀን።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። ልጅ የሚገሠጽበት ቀጭን እንጨት አርጩሜ ይባላል፤ ከዛፍ የተቀነጠሰው እርጥብ በትር ልምጭ ነው። ጅራፍ ረጅምና የተገመደ ሆኖ፥ ገበሬው በበሬው ላይ፥ እረኞችም ነሐሴ 13 ቀን በሚውለው በቡሄ ሰሞን የሚያጮኹት ነው። አለንጋ ደግሞ ከቆዳ የተሠራ የፈረሰኛና የባለ በቅሎ መሣሪያ ነው፤ ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ እንደ ሆነ በአውሬው ስም «ጉማሬ» ተብሎ ይጠራል። አሠራሩም ወፍራሙን ቆዳ በረጅሙ ሰንጥቆ፥ ወደ ጫፉ እያቀጠኑ ቀርጾ፥ እርጥብ ሳለ አድበልብሎ፥ ካደረቁት በኋላ ቅባት ማጠጣት ነው። እንዲህ ያለውን በደቡብ አፍሪካ ሻምቦክ፥ በግብፅ ኩርባጅ ይሉታል። በግብፅ ኩርባጅ ግብር ማስከፈያ ሆኖ ገበሬውን ብዙ ዘመን ሲያስለቅስ ከኖረ በኋላ፥ በ1875 ዓ.ም. በመንግሥት ትእዛዝ ተከለከለ።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከቈላው ሙቀት ወደ ደጋው ጉም የሚያወጣ ዳገት ነው። ጨንቻ፥ አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ ዓመታት ሳትተካት በፊት፥ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። በመንገዱ ላይ የዶርዜ ሸማኔዎች አገር ይገኛል፤ ከቀርከሃ የተሠሩት ረጃጅም ቤቶች በእንሰቱ መካከል ቆመው ሲታዩ፥ ፊታቸው የዝሆን ፊት ይመስላል።

በደጋው ፈረስ ተከራይተን ከአንድ ጎልማሳ ባለ ፈረስ ጋራ ጉዞ ጀመርን። አለንጋችንንም አባታችን እንዳስተማሩን ማንጠልጠያውን በቀኝ አንጓችን አስገብተን ያዝን። እርሳቸው ስለ አለንጋ ሥርዓት ሲያስተምሩን፥ «የፈረስን ራስና ዓይን አትምታ፤ ከሰው ጋራ ስትነጋገር አለንጋህን አታንሣ፤ ታላቅህን በመንገድ ባገኘህ ጊዜ ከፈረስህ ወርደህ እጅ ንሣ» ይሉን ነበር። ነገር ግን ዳገቱ በበረታ ጊዜ ትምህርቱ ተረሳና ፈረሱን ልንመታ እጃችንን አነሣን። ባለ ፈረሱም ልጓሙን ያዝ አድርጎ በትሕትና፥ «ጌታዬ፥ ፈረሱ መንገዱን ያውቃል፤ አለንጋውን ቢያሳዩት ይበቃዋል። ቢመቱት ግን ከዛሬ ጀምሮ እጅዎን እንጂ መንገዱን አያይም» አለን።

ይህን ቃል ስንሰማ አስቀድሞ ትዝ ያለን ፈረሱ ሳይሆን ልጃችን ነበረ።

ከዚያም ስለ እንግሊዞች የቀበሮ አደን ያነበብነው ነገር ወደ አሳባችን መጣ። በዚያ አገር ቀበሮን በፈረስና በብዙ ውሾች የማሳደድ ልማድ በነበረ ጊዜ፥ ለአዳኙ አለቃ ውሾቹን የሚሰበስቡለት «ባለ አለንጋ» የተባሉ ረዳቶች ነበሩት። አለንጋቸው ከላይ የቀንድ ቆልማማ እጀታ አለው፤ እርሱም ከፈረስ ሳይወርዱ የአጥር በር ለመክፈት የሚያገለግል ነው። ከታች የተጐነጐነ ቆዳ፥ በጫፉም የምትጮኽ ቀጭን ገመድ አለችው። ሥርዓቱ ጥብቅ ነበር፤ ውሻ ቢያጠፋ አስቀድሞ በስሙ ይጠሩታል፤ ባይሰማ አለንጋውን ያጮኹበታል፤ መምታት የመጨረሻ ነገር ነው። ፈረሰኛውም ውሾቹ በአጠገቡ ሲያልፉ ፈረሱ እንዳይረግጣቸው ፊቱን ወደ እነርሱ ያዞራል። ይህ አደን በእንግሊዝና በዌልስ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ተከልክሏል፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ በምክር ቤታቸው ቀርቶ፥ የፓርቲውን አባላት ለድምፅ የሚሰበስበው ሹም «አለንጋ» ይባላል። እርሱም ሰዎችን የሚሰበስበው በመምታት አይደለም።

እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምንሠራ ስለ ሆንን፥ የሕጉን መንገድ ሳናነሣ አናልፍም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግርፋትን ከቅጣት አንዱ አድርጎ ይቈጥር ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 18 ጭካኔ ያለበትን ቅጣት ይከለክላል፤ በአንቀጽ 36ም ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ የአካል ቅጣት እንዳይደርስባቸው ይደነግጋል። ይህን አንቀጽ በእጃችን ብዙ ጊዜ ገልብጠነዋል። ነገር ግን በገዛ ቤታችን ግድግዳ ላይ ምን እንደ ተሰቀለ አላሰብንም ነበር።

የጋሞ ሰዎች ስለ ጉዳያቸው የሚመክሩበት ሜዳ «ዱቡሻ» ይባላል። በዚያ ሽማግሎች ተቀምጠው ጠብ ያበርዳሉ፥ ነገር ይቈርጣሉ። የእነርሱን ኀይል አገር ሁሉ ያየው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወራት በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ ሰዎች ተገድለው ነበርና፥ ከሟቾቹም መካከል የጋሞ ተወላጆች ስለ ነበሩበት፥ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ተቈጥተው ለበቀል ተነሡ። ሽማግሎቹም ጅራፍ ወይም ጠመንጃ ሳይሆን ለምለም ሣር በእጃቸው ይዘው፥ በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። ወጣቶቹም አባቶቻቸውን ረግጠው ማለፍ ስላልቻሉ ተመለሱ። ክቡራን ሆይ፥ ከፍ ያለ ሹመት ያላችሁ ይህን ልብ በሉ፤ በዚያ ቀን አንድ የጉማሬ አለንጋ የማይመልሰውን ሕዝብ አንድ እጅ ሣር መለሰው። ነገር ግን ሣሩ ብቻውን አይደለም፤ የያዘው እጅ ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን በፍርድና በትዕግሥት የታወቀ ስለ ሆነ ነው።

ከጉዞው በተመለስን ጊዜ ልጃችን እንደ ልማዱ ወደ ጓዳ ሊገባ ተነሣ። በስሙ ጠራነው። አለንጋውን ከጓዛችን አውጥተን በእጁ ሰጠነውና፥ «ልጄ፥ ይህን ያነሣሁብህ በቍጣ ነው፤ አጥፍቻለሁ» አልነው። ልጁ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አለንጋውን እያገላበጠ ተመለከተ። በመጨረሻም፥ «ጉማሬው ትልቅ ነው?» ብሎ ጠየቀን።

እኛም በአጠገባችን አስቀምጠን ስለ ጫሞ ሐይቅ እስኪመሽ ድረስ ነገርነው። አለንጋው ከዚያ ወዲህ ወደ ግድግዳው አልተመለሰም፤ ከአባታችን ኮርቻ ጋራ በሣጥን ውስጥ ይገኛል። በመጪው ዕረፍት፥ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፥ ልጁን ይዘን ወደ አርባ ምንጭ እንወርዳለን።