መጅና በርሜል

ደረስጌ ማርያምን የሚያውቅ ሰው የውቤንና የቴዎድሮስን ነገር ሳይሰማ አልቀረም። ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አስበው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ድል አድርገው ገቡና ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡበት። አንዱ ይደግሳል፣ ሌላው ይበላል። እኔ ግን ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ነገሥታት አይደለም፤ ስለ ናፍጣ ነው።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እናቴን ልጠይቅ ከደባርቅ ወደ ደረስጌ ወጣሁ። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ፣ ከልጅነቴ ወዲህ ያልሰማሁት ድምፅ ቀሰቀሰኝ። የመጅ ድምፅ ነው። ተነሥቼ ባይ እናቴ ተንበርክካ ገብስ ትፈጫለች። የናፍጣ ወፍጮ ከገባ ወዲህ ያ ድንጋይ ጓሮ ተጥሎ ዶሮ ውኃ ይጠጣበት ነበር።

«እምዬ፣ ወፍጮ ቤቱ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? ዋጋው ነው እንጂ። ለማስፈጫ ብዬ ገብሴን ከምሸጥ ጉልበቴ ይሙት አልሁ።»

ባለወፍጮው የገዛ ታናሽ ወንድሟ ናቸው። ቁርስ ሳልቀምስ ወደ እሳቸው ገሠገሥሁ። «አያ፣ በእኅትዎ ጉልበት ይከብራሉ?» አልኋቸው። አልተቆጡም። ከዱቄት ማጠራቀሚያው ሥር አንድ የተማሪ ደብተር አውጥተው ሰጡኝ። «አንተ አስተማሪ ነህ፤ ደምረህ ትርፌን አሳየኝ» አሉ።

ደመርሁ። የናፍጣው ዋጋ፣ የመኪናው ጭነት፣ የተበጠሰው ቺንጋ፣ ከዚያ ደግሞ በዱቤ ያስፈጩ ሰዎች ዝርዝር። ትርፍ የለም። ከሁሉ ይልቅ ግን አንድ መስመር ዐይኔን ያዘው፤ «ሐምሌ። ከደባርቅ ነጋዴ። ናፍጣ 10 ጀሪካን» ይላል። ባለ 20 ሊትሩ 10 ጀሪካን አንድ በርሜል ነው። ብርድ ብርድ አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ልናዘዝ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር «ድጎማው ሊነሣ ነው» የሚል ወሬ ደባርቅን ሲያዳርሳት፣ የሰው ገንዘብ ተበድሬ አንድ በርሜል ናፍጣ ገዛሁና ከጓዳዬ ሸሸግሁ። ያኔ ታሪፉ በሊትር 35 ብር ከ43 ሳንቲም ነበር። ሐምሌ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው 49 ብር ከ2 ሳንቲም ሆነ። በታሪፉ ልዩነት ብቻ ቢሰላ ከ200 ሊትር 2,718 ብር ይገኛል፤ እኔ ከዚያም በላይ ጨምሬ ለአንድ ነጋዴ ሸጥሁት። ምን እንደሚነዳበት አልጠየቅሁም። ትርፉ የልጄ ጫማና የእናቴ ነጠላ ሆነ። ነጠላውን የዚያን ዕለት ማታ ለብሳ መርቃኝ ነበር።

ያ በርሜል ያው የእኔ ይሁን ወይም የሌላ፣ ማንም ሊምልልኝ አይችልም። እኔም ጠይቄ ለማረጋገጥ አልደፈርሁም።

ከዚያ በፊት ስለ ነዳጅ የማወራው እንደ ምሁር ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የቤንዚን ጭማሪን ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ ንጉሠ ነገሥቱ ዋጋ ለማስቀነስ እንደ ተገደዱ ለተማሪዎቼ እተርክ ነበር። የዩክሬን ጦርነት የዓለምን ገበያ ባናረበት እ.ኤ.አ. 2022 ኤክሶን ሞቢል ወደ 56 ቢሊዮን፣ ሼል ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር ማትረፋቸውንም ሰምቼ በመምህራን ክፍል አውግዣለሁ። እውነት ነው፤ የእኛ አገር ኩባንያዎች የሊትር ትርፍ በመንግሥት ተመን ቢወሰንም፣ ድፍድፉን ከሚያወጡት ዘንድ የሚከለክላቸው የለም። ድጎማው በረድ ሲልም ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ቅድሚያ ተሰጠ። ወፍጮ ደግሞ ሰው አያመላልስም፤ እህል እንጂ።

ግን ቢሊዮኑን ሳወግዝ የእኔ በርሜል ከጓዳዬ ተቀምጦ ይሰማኝ ነበር። ሩቅ ያለው ባለ ዘይት ያላወቃት እናቴን እኔ አውቃታለሁ። እሱ በማያውቃት ሴት አተረፈ፤ እኔስ?

ለአጎቴ ደብተሩን መለስሁላቸው። «ልክ ነዎት፣ ትርፍ የለም» አልሁ። በርሜሉን ግን አልነገርኋቸውም። የእናቴን የዓመት ማስፈጫ ቀድሜ ከፈልሁና ድንጋዩ ወደ ጓሮው ተመለሰ። እናቴ «ልጄ ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው?» ብላ ስትጠይቀኝ «ከደመወዜ» አልኋት።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ናፍጣ በሊትር 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሲገባ እንደገና ሄጄ ነበር። እናቴ ተኝታለች፤ ነጠላዋ ከራስጌዋ ተሰቅሏል። ድንጋዩ ጓሮ ነው። ነገር ግን ሊነጋጋ ሲል ከጎረቤት፣ ከዚያም ከወዲያኛው ጎረቤት፣ የመጅ ድምፅ ይሰማ ጀመር። የአንዷን አስቆምሁ እንጂ የመንደሩን አላስቆምሁም። እስኪነጋ ድረስ ተኝቼ ቆጠርሁት።