ካምብሪጅ፦ የ36 ዓመቱ ተማሪ ከተማ

ከለንደን ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ በባቡር ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ቢጓዙ ካምብሪጅ ይደርሳሉ። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ፕሮፌሰሩም ተማሪውም በብስክሌት ይመላለሳል። እኔ የሄድኩት በሞለኪውላር ባዮሎጂ ዶክትሬቷን የምትሠራውን ልጄን ልጠይቅ ነው። 30 ዓመት ሊሞላት ነው። ዘመድ ባገኘኝ ቁጥር "ልጅሽ አሁንም ተማሪ ናት?" ይለኛል።

ልጄ መጀመሪያ የወሰደችኝ ፍሪ ስኩል ሌን ወደሚባል ጠባብ መንገድ ነው። የድሮው የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ እዚያ ነበር። ፍራንሲስ ክሪክና ጄምስ ዋትሰን ዲኤንኤ እንደ ተጠማዘዘ መሰላል መሆኑን የደረሱበት በዚህ ነው። ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ "ዘ ኢግል" የተባለ መጠጥ ቤት አለ። ዋትሰን እንደጻፈው፣ ክሪክ እ.ኤ.አ. በ1953 አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ገብቶ የሕይወትን ምስጢር አገኘን ብሎ የተናገረው እዚያ ነው።

"እማዬ፣ ክሪክ ያኔ ስንት ዓመቱ ነበር መሰለሽ?" አለችኝ። ለካ 36 ዓመቱ ነበር፤ ዶክትሬቱንም ገና አልያዘም። የመጀመሪያ ጥናቱን ጦርነት አቋረጠው፤ መሣሪያው በቦምብ ወደመ። ከፊዚክስ ወደ ባዮሎጂ ዞሮ እንደገና ጀመረ፤ ዶክትሬቱን ያገኘው በ1954 ነው። ለግኝቱ ትልቅ ፍንጭ የሰጠውን የኤክስሬይ ፎቶግራፍ በ1952 ለንደን ውስጥ ያነሳው ሬይመንድ ጎስሊንግም የሮዛሊንድ ፍራንክሊን የዶክትሬት ተማሪ ነበር።

በማግስቱ ልጄ የምትሠራበትን ቤተ ሙከራ አየሁ። ሥራው ከወጥ ቤት ሥራ ይመሳሰላል። ባክቴሪያውን እንደ ሊጥ በሙቀት ታሳድረዋለች፤ ጠዋት ዲኤንኤውን ታወጣለች፤ በማሽን ታባዛዋለች፤ ከዚያ እንደ ጄሊ በረጋ ነገር ውስጥ በኤሌክትሪክ ታስኬደዋለች። የምትጠብቀው ቀጭን መስመር ከታየ ሙከራው ሠርቷል ማለት ነው። ያን ቀን አልታየም። የሆነውን በማስታወሻዋ ጻፈች፣ ጠረጴዛዋን አጸዳች፣ ለነገ አዲስ አዘጋጀች።

በእንግሊዝ አገር ዶክትሬት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላም ሌላ የምርምር ዓመታት አሉ። ተማሪ ይባሉ እንጂ ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ናቸው። እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ስትደውሉ "መቼ ትጨርሻለሽ?" ብትሉ ልጃችሁም መልሱን አታውቀውም። "ዛሬ ምን ሞከርሽ?" ብላችሁ ጠይቋት፤ ለዚህኛው ሁልጊዜ መልስ አላት።