ክርና ጀበና

ቡናው እስኪፈላ አንድ ውርርድ እንግጠም? ጀበናዋን ይዩአት። ከመቀመጫዋ እስከ አፏ ያለው ቁመቷ ይበልጣል ወይስ የሆዷ ዙሪያ? «ቁመቷ ነዋ!» ካሉ ተበልተዋል። ክር ያምጡና ይለኩ፤ የሆዷ ዙሪያ ይረዝማል። ካላመኑኝ ሲኒውንም ይሞክሩት።

አይፈሩ፤ እኔም ደብረ ታቦር ላይ፣ የጉና ብርድ ምድጃ ዳር ባስቀመጠኝ ቀን፣ እንዲሁ ተበልቻለሁ። ዓይን ቀጥ ብሎ የቆመን ነገር ማስረዘም ይወዳል። የድቡልቡል ነገር ጀርባው ደግሞ አይታየውም። የክብ ዙሪያ ከወርዱ 3 እጥፍ ይበልጣል፤ ዓይን ግን ወርዱን ብቻ አይቶ ይፈርዳል።

ጀበናዋ በዚህ አታበቃም። ክብነቷን ያየ በሚሽከረከር መሣሪያ ላይ ዞራ የወጣች ትመስለዋለች። የደጋዋ ሸክላ ሠሪ ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ የላትም። ጭቃውን እየጠቀለለች ትደራርባለች፣ በጣቷ እየሳበች ታሳሳዋለች። ትልቅ ጋን ሲሆንማ ጋኑ አይዞርም፤ የምትዞረው እሷ ናት! በለስላሳ ጠጠር አሽታው፣ ጭስ ሲያጠቁረው ደግሞ አፈርነቱ ይቀርና ብረት ይመስላል።

ኤድጋር ሩቢን የተባለ የዴንማርክ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1915 ያሳተመው አንድ ሥዕል አለ። መሃሉን ያየ ዋንጫ ያያል፤ ግራና ቀኙን ያየ ደግሞ የተፋጠጡ ሁለት ሰዎች። ዘዴው ከወረቀት ወደ ዕቃም ተሻግሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ የነገሡበት 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ በጎንና በጎኑ የንግሥቲቱና የባለቤታቸው ገጽ የሚታይበት የአበባ ማስቀመጫ ተሠርቶ ነበር። ዋንጫውንና ሰዎቹን ግን ባንድ ጊዜ ማየት ያቅታል፤ ዕቃው ሲመጣ ሰዎቹ ይሄዳሉ።

የእኛስ ነገር ከዚህ በምን ይለያል? ጀበናዋን እያየን የሠራቻት ትጠፋብናለች። እዚያው ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ስትነሳ፣ አፄ ቴዎድሮስ እዚያ አሠርተውት በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ የተጎተተው መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ ይታወሰናል። ለጎታቹ ሠራዊት ወጥ የተሠራበትን ድስት ማን አበጀው ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም።

መርሳቱስ ባልከፋ። በሸክላዋ እየበላንና እየጠጣን፣ «ቡዳ ናት፤ ዓይኗ ይበላል» ስንላት ኖርን። ከእርሻ መሬት አገለልናት፣ ከጋብቻም ሸሸናት። ያቺ ክር ግን ሌላ ትመሰክራለች፤ ዛሬ እዚህ የተበላነው በራሳችን ዓይን ነው።

በሉ፣ አቦሉ ቀረበ። ውርርዱን ለእኔ አይክፈሉኝ። ገበያ ሲወርዱ ከሸክላ ሠሪዋ አንዲት ጀበና ይግዙ፤ ዋጋ አይከራከሩባት።