ከጉልበት በፊት ፍሬን

ታናሽ ወንድሜ ከብቸና ወደ ሞጣ ሲጓዝ የተገለበጠባትን አሮጌ ኮሮላ አስጠግኖ ለአማተር ውድድር ሊያዘጋጃት ቆርጦ ተነስቷል። እሱን ያተረፈው ቀበቶው ነው። እናታችን ግን ዛሬም የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ትደነግጣለች። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ?

እኔ «ተው» አላልኩትም፤ ስለ ቅደም ተከተሉ ግን ተነጋገርን። እሱ የፈለገው ከሞተሩ መጀመር ነበር። አይፈረድበትም። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በስሱ አየር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል።

ጉልበት የሚጨመረው ግን መቆም ለምትችል መኪና ነው። ከአደጋ በኋላ መጀመሪያ ቦዲው ይለካል፤ ከተጣመመ ጎማው ቀጥ ብሎ አይሄድም። በግጭት ጊዜ ሰው የያዘ ቀበቶም ክሩ ስለሚሳሳብ፣ ደህና ቢመስል እንኳ ይቀየራል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። ለውድድር ደግሞ መኪናዋ ብትገለበጥ ጣሪያውን የሚሸከም የብረት ቱቦ በውስጧ ይበየዳል። ሞተሩ ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀለሙ መጨረሻ።

ይህ ለተወዳዳሪ ብቻ አይደለም። ተጋጭታ የነበረች የቤተሰብ መኪናችሁ ከጋራዥ ስትመለስ፣ ቀለሟን ከማድነቃችሁ በፊት «ቀበቶው ተቀይሯል?» ብላችሁ ጠይቁ።