«የግል ጉዳይ» የሚባለው ምክንያት

«ባጋጠመኝ የግል ጉዳይ ምክንያት ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለመልቀቅ ስለወሰንኩ…»

ይህን ዓረፍተ ነገር ያልጻፈ ወይም ያላነበበ ደመወዝተኛ ማግኘት ይከብዳል። የልብስ ስፌት ማሽን ላይ የምትቀመጠው ወጣትም፣ ባንክ ውስጥ አሥር ዓመት ያገለገለው ኦፊሰርም ሲለቁ የሚጽፉት ይህንኑ ነው። ደብዳቤው ሰው ኃይል ክፍል ይደርሳል፣ ክሊራንስ ይዞራል፣ ፋይሉ ይዘጋል።

የግል ጉዳዩ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ የሰው ኃይል ሥራ አስኪያጁ። ስለ እሱ ብዙ አይወራም፤ ሲወራም በክፉ ነው። ሠራተኛው «የአሠሪው ጆሮ» ይለዋል። አሠሪው ደግሞ «ለሠራተኛው ታደላለህ» ይለዋል። በሁለት ድንጋይ መካከል የገባ እህል ማለት እሱ ነው።

ኢኮኖሚ በፍጥነት ሲያድግ ደግሞ ወፍጮው ፍጥነት ይጨምራል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ለአሥራ አምስት ዓመት ገደማ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ በየዓመቱ በአማካይ ወደ 10 በመቶ እንዳደገ የዓለም ባንክ መዝግቧል። መንገድ ተዘረጋ፣ ሕንፃ በቀለ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆኑ። ማሽን ገንዘብ ካለ በመርከብ ይመጣል። የሰለጠነ ሱፐርቫይዘር፣ ሰዓት አክባሪ ሠራተኛ፣ ሰው መምራት የሚችል የክፍል ኃላፊ ግን በመርከብ አይመጣም። እነዚህን የማፍራቱ ሥራ የወደቀው በሰው ኃይል ክፍሉ ላይ ነው።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን እንውሰድ። ግንባታው ዘጠኝ ወር ገደማ ነው የፈጀው፤ በሐምሌ 2008 ተመረቀ። እስከ 60,000 ሠራተኛ ይይዛል ተብሎ ነበር። ቅጥሩም ተጀመረ፤ ብዙዎቹ ከሲዳማና ከአካባቢው የገጠር ቀበሌዎች የመጡ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የወር ደመወዝ የሚቀበሉ ወጣት ሴቶች ነበሩ።

በግንቦት 2011 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስና የሰብአዊ መብት ማዕከል ስለ ኢትዮጵያ የልብስ ኢንዱስትሪ አንድ ሪፖርት አወጣ። በሪፖርቱ መሠረት የሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ያን ጊዜ የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207 ዶላር ነበር። ፋብሪካዎቹ በመጀመሪያው ዓመት ያጋጠማቸው የሠራተኛ ፍልሰት ደግሞ በአማካይ ወደ 100 በመቶ ተጠግቷል። በቁጥር ሲታይ በዓመቱ መጀመሪያ የነበረውን ሠራተኛ ያህል ሰው በዓመቱ ውስጥ እንደገና መቅጠር ማለት ነው።

ይህ የአንድ ፓርክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች ቀደም ሲል በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ውስጥ ባደረጉት ጥናት፣ ሥራውን ካገኙት ሰዎች አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ለቀዋል።

በየስብሰባው የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «የኢንዱስትሪ ባህል የላቸውም»። እውነትነት የለውም አይባልም። በዝናብና በፀሐይ ሥራውን ሲመጥን ያደገ ሰው በአንድ ጊዜ የደወል ተገዢ መሆን ይከብደዋል። ታዲያ ባህል ብቻ ከሆነ፣ ሥራውን በደንብ የለመደችውና ኮታዋን የምትሞላው ልጅ ለምን ትሄዳለች?

በአንድ ፋብሪካ የምትሠራ የሰው ኃይል ኃላፊ ይህን ጥያቄ አንስታ ነበር። መልቀቂያ ይዛ የገባችውን ልጅ አስቀምጣ ጠየቀቻት።

«የኔ እህት፣ ምን አጋጠመሽ?»

«የግል ጉዳይ ነው።»

«እሱንማ አነበብኩት። ለእኔ ንገሪኝ፤ አልጽፈውም።»

ልጅቷ ጥቂት ዝም ብላ ተናገረች። «ቤት ለሦስት ነበር የተከራየነው። አንዷ ዐረብ ሀገር ሄደች። አከራይዋ ደግሞ ጨመሩብን። ለሁለት አልቻልነውም። እናቴ ብር ትልክልኛለች ብላ ነበር የሰደደችኝ፤ እርስዎ ይሙቱ፣ እስካሁን ቆጮ የምትልክልኝ እሷ ናት።»

ኃላፊዋ የምትመልሰው አልነበራትም። መልቀቂያውን ተቀበለች፤ በወርኃዊው ሪፖርት ላይ «የግል ጉዳይ» በሚለው ረድፍ አንድ ቁጥር ጨመረች። በሳምንቱ የማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ዋና ሥራ አስኪያጁ «ፍልሰቱን ለምን አልቀነስሽም?» ብለው ጠየቋት። ስለ ሥልጠና፣ ስለ ክትትል፣ ስለ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተናገረች። ኪራይ የሚለውን ቃል አላነሳችም። ብታነሳ የሚከተለውን ታውቀዋለች፤ «ደመወዙን የሚወስነው ገዢው የሚሰጠን ዋጋ ነው» ይባላል፤ አጀንዳው ይዘጋል፤ እሷም «ለሠራተኛ የምታደላ» ትባላለች።

የዚህ ሙያ ከባዱ ፈተና እዚህ ላይ ነው። መቅጠር ድካም አለው፣ ማሠልጠን ጊዜ ይበላል፣ ይሁንና ሁለቱም ይቻላሉ። ሰው ለምን እንደሚሄድ እያወቁ በማያስኬድ መድኃኒት ማከም ግን ሰውን ከውስጥ ይጨርሳል። ኪራይ ያባረራትን ልጅ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መመለስ አይቻልም።

እድገቱ ሲንገጫገጭም የመጀመሪያው ተመቺ ይኸው ክፍል ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ፣ ትናንት «ሰው አምጡ» ይባሉ የነበሩ ኃላፊዎች «ሰው ቀንሱ» ተባሉ። መንደር ለመንደር ዞረው ወላጅ አሳምነው ያመጧቸውን ልጆች ማሰናበት የእነሱ ሥራ ሆነ።

ቢሮ ውስጥም ታሪኩ መልኩን ይቀይር እንጂ ያው ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የአንድ ዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ደመወዝ በእጥፍ አልጨመረም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ ጸደቀ። ልምድ ያለው ባለሙያ የሚፈልገው ይበዛል፤ ዋጋውም ይወጣል። ብዙ ድርጅቶች ታዲያ አዲስ ሰው ለማምጣት በገበያው ዋጋ ይከፍላሉ፤ ነባሩን በድሮው ስኬል ያስቀምጡታል። ነባሩ አዲሱን ያሠለጥናል። ከዚያ የአዲሱን ደመወዝ ይሰማል። ከዚያ «በግል ጉዳይ ምክንያት» ብሎ ይጽፋል።

የሚያሳዝነው አንዳንድ ቦታ የሚወሰደው እርምጃ ነው። የሚለቅ ሰው የሥራ ልምድ ደብዳቤው ይያዝበታል፣ ክሊራንሱ ሳምንታት ይጓተታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግልጽ ነው፤ ሠራተኛው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል፣ የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። ደብዳቤውን የሚይዘው እጅ ብዙ ጊዜ የሰው ኃይል ክፍሉ ነው፤ ትእዛዙ ከላይ ቢመጣም ስሙ የሚነሳው የእሱ ነው። የተበደለ ሠራተኛ ደግሞ ለጎረቤቱ ይነግራል፤ በሚቀጥለው ቅጥር ማስታወቂያውን የሚያነብ ይጠፋል።

ምን ይደረግ? ደመወዝ መወሰን በእጁ ያልሆነ ሥራ አስኪያጅ መቁጠር ግን በእጁ ነው። «የግል ጉዳይ» የሚለውን ረድፍ ከሪፖርቱ አውጥቶ በምትኩ ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ ሕመም፣ የአለቃ ስድብ፣ የተሻለ ደመወዝ ብሎ ይከፋፍለው። የሠራተኛው ስም አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ይበቃል። ከዚያ እያንዳንዱ መልቀቂያ ድርጅቱን ስንት ብር እንዳስወጣ ያስላ፤ የቅጥሩን፣ የሥልጠናውን ሳምንታት፣ ጀማሪ እጅ ያበላሸውን ጨርቅ፣ የዘገየውን ጭነት። «አዘንኩላቸው» የማይከፍተው በር «ይህን ያህል ከሰርን» ሲባል ሊከፈት ይችላል። ማደሪያ መሥራት ወይም ለኪራይ መደጎም ከዘወትር ቅጥር ይረክስ እንደሆነ የሚታወቀውም ያኔ ነው።

የቀረው የመንግሥት ድርሻ ነው። ያው አዋጅ 1156 አነስተኛ ደመወዝን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ደንግጓል። የደመወዝ ወለል በሌለበት ሁሉም ፋብሪካ ጎረቤቱን ያያል፤ ብቻውን የጨመረ በገዢው ፊት ይወደዳል። ለሁሉም እኩል የሚሠራ ወለል ሲኖር ግን ጥሩ የሚከፍለው አሠሪ አይቀጣም፤ የሰው ኃይል ኃላፊውም ኪራይ የሚለውን ቃል ስብሰባ ላይ ሳይፈራ ያነሳል።

እስቲ እናንተም ንገሩን፤ የመጨረሻውን መልቀቂያችሁን ስትጽፉ «የግል ጉዳይ» ያላችሁት ምን ነበር?